የተቀቀለ እርሾ

የካቲት 20 ቀን 2015፤ ሰኞ፤ ጂንካ

ዛሬም ስቀቅል ዋልኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» እያለች ትኮራለች፤ ዋና ሥራዬ ድስት መጣድ መሆኑን ብታውቅ ምን ይውጣት ነበር። ድስቱ እንኳ ተራ ድስት አይደለም፤ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ፣ እንፋሎቱ የሚያፏጭ የላብራቶሪ ድስት ነው። የምከትበትም ነገር ሲገባ ሕይወት አለው፤ ሲወጣ የለውም።

ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይቀለኝ እንደሆነ። እንሰቱን የሚፈጀው አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቅጠል ይገረጣል፣ ይታጠፋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋ የለውም። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ምንተስኖት፣ በሽታው ባዶ ባስቀረው አንድ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ለምልማ የቆመች እንሰት አገኙ። ከሥሯ አፈር ወስደው፣ ስንት ዓመት ደክመው፣ በሽታውን የሚገፋ ባክቴሪያ ለዩ። ሞላሰስ በሚሉት የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ ውሃ ይራባል፤ ሲራባ እንደ ዳቦ ሊጥ ይሸታል። እንሰቱ ሥር ይፈሳል፤ ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ጋይማ በምትባል የአሪ መንደር ልንፈትነው ነው። ግማሹ ጓሮ ሕያውን ያገኛል፤ ግማሹ ያንኑ ፈሳሽ፣ ግን የተቀቀለውን፣ የሞተውን። ሰማያዊ ክዳን ሕያው፣ ቀይ ክዳን ሙት። ሁለት ዓይነት እንዳለ ለሰዎቹ ተነግሯቸዋል፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ ግን አያውቁም። የምናውቀው ዶክተሩና ቀቃይዋ እኔ ነን። ውጤቱ ካማረ መድኃኒቱ በየወረዳው ይባዛል፣ እኔም ለዶክትሬት ወደ ውጭ እሄዳለሁ። ዶክተሩ ቃል ገብተውልኛል።

መብራት ሁለቴ ጠፍቶ መጣ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ማቀዝቀዣው ያስላል። የባክቴሪያው ዋና ዘር እዚያ ውስጥ ተኝቷል፤ በሩን ስከፍት ድምፄን ዝቅ የማደርገው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 24፤ ዓርብ፤ ጋይማ

ጉም። የፒክአፑ ሾፌር ሚልክያስ መብራቱን አብርቶ ነው ሽቅብ የነዳው። ትናንት ከቆላው ከዲመካ ስለመጣ አንገቱ ድረስ አቧራ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ጉሙ አጠበው።

ዕጣው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጣ። ክዳኖቹን ባርኔጣ ውስጥ ጨመርናቸው፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እያነሡ ይስቁ ነበር። የመስክ ሥራ ሲኖረኝ የማድርበት ቤት ባለቤት እማማ አስካል ቀይ ደረሳት። አጥሯን የምትጋራው ወጣቷ ሀሌሉያ ሰማያዊ ደረሳት። እማማ አስካል ቀዩን ክዳን ወደ ላይ አንስታ አሳየችኝ፣ ደስ ብሏታል። «ቀይ ጥሩ ነው፤ የኢየሱስ ደም ነው» አለች።

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

መጋቢት 9፤ ቅዳሜ፤ ጂንካ

ዝናቡ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ከገበያ መልስ ጋደም አልኩና ቆርቆሮው ሲንጫጫ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንሰቶች በሰልፍ ከተራራው ሲወርዱ አየሁ። ሥራቸውን እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርገው፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ፣ በላሞቹ መሃል ያልፋሉ። ወዴት ናችሁ ብላቸው አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። ቅጠሏ የእማማ አስካልን ሻርፕ ይመስላል።

ከዚያ ነቃሁ። ምሳ አብዝቼ ነው።

መጋቢት 17፤ እሁድ፤ ጋይማ

እንዳይመጣ የፈራሁት መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ አስካል በጓሮ በኩል አዞረችኝ። በአጥሩ ጥግ ያለችው ትልቋ እንሰት መሃል ቅጠሏ ገርጥቶ ተሰብሯል። እማማ አስካል ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ልታደርገው ሞከረች። ስትለቀው ተመልሶ ወደቀ።

ጓሮውን የተከሉት ባለቤቷ ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቿ ቢያጡም ቢያገኙም ምግባቸው ይኸው ጓሮ ነው። ለሦስት ዓመት የምንበላው ቆሞ ነው የምታዪው አለችኝ አንድ ቀን፤ ጎተራ የለንም፣ ጎተራችን ቅጠል ያወጣል። ዛሬ ያ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከአጥሩ ወዲያ የሀሌሉያ እንሰት እንደ ጥላ ተዘርግቷል፤ ዝናቡ ሲወርድበት ድምፁ እንኳ ይለያል። እማማ አስካል ወደዚያ አየች። ከዚያ ቀይ ክዳኑን ጀሪካን አመጣችና የታመመችው ሥር አፈሰሰችበት፤ ከታዘዘው አስበልጣ ነው ያፈሰሰችው። ይበቃል አልኳት። «ትንሽ ልጨምርላት፣ ልጄ» አለች።

ጀሪካኑን ይዤላት ቆምኩ። የያዝኩላት እኔው የቀቀልኩትን ነው።

መጋቢት 20፤ ረቡዕ፤ ጂንካ

ለክፍል አምስት ደቂቃ ይቀረኛል። ዶክተሩን በኮሪደር አገኘኋቸው፤ በጣም የታመመ ጓሮ ሲኖር ቀዩን በሰማያዊ መለወጥ አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ባለፈው ወር ለተማሪ ጫማ ሲገዙ አይቻለሁ።

«ፀደይ፣ ቀዩ ካልታመመ ሰማያዊው መዳኑን በምን እናውቃለን?»

እውነታቸውን ነው። የሚያናድደኝም እውነት መሆኑ ነው። የክፍል ደወል ተደወለ።

መጋቢት 28፤ ሐሙስ፤ ጋይማ

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። እማማ አስካል እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። የታመሙት አሁን አራት ሆነዋል፤ ሳይበላሹባት የቻለችውን እየነቀለች ትፍቃለች። ገና ያልደረሱ ናቸው። እጇ አያቋርጥም፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። የሀሌሉያ ጀሪካን ሲከፈት ይተነፍሳል፣ የኔ ዝም ይላል፤ ለምንድን ነው አለችኝ።

ደነገጥኩ። መልስ አልሰጥም፤ አልተፈቀደልኝም። ጉዳዩ እንደ ጀሪካኑ ይለያያል ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ከሰዓት ነበር፤ ጭሱ፣ ጭቃው፣ የቢላው ድምፅ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ብቻውን ሄደ።

«እንደ እርሾ ነው» አልኳት።

ሌላ አልጨመርኩም። ቀይ አላልኩም፣ ሰማያዊ አላልኩም። እርሾ ብቻ ነው ያልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ግን ይሄ ወለምታ እንኳ አይባልም። ሳይንሱን በቀላል ቋንቋ አስረዳሁ፤ ማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሉት ይኸው አይደለም?

የያዘችውን ፍቃ ጨረሰች። ከዚያ «እርሾ ከሆነ እሺ» አለች።

ሚያዝያ 3፤ ማክሰኞ

ከላብራቶሪው ጀርባ ሞላሰስ የመጣበት ባዶ የፕላስቲክ በርሜል ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል። የሚፈልገው ሰው የለም። እማማ አስካል የዝናብ ውሃ ታጠራቅምበታለች ብዬ ፒክአፑ ላይ አስጫንኩ። ሚልክያስ ነገረኛ ነው፤ ጣሪያዋ ሣር፣ ምንጩ ከደጇ፣ ምን ሊያደርግላት ነው ይለኛል። ከሣር ጣሪያም ውሃ ይወርዳል አልኩት።

ሳሙናው ጠረን እንዳይተው በፈላ ውሃ አለቅልቄዋለሁ። ሞላሰሱን ከሥሩ ሙሉ በሙሉ አላስለቀቅኩትም፤ ይለቃል፣ ምን ቸገረው።

ሚያዝያ 8፤ ፋሲካ፤ ጂንካ

እናቴ ዘንድ። ጎረቤታችን ለዳቦዋ እርሾ ልትወስድ መጣች። እናቴ ጽዋውን ሞልታ ሰጠቻት፤ ተኮራርፈው ነበር እኮ፣ ከጥምቀት ጀምሮ አይነጋገሩም። እርሾ ግን ተለምኖ አይከለከልም። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ሐሜቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

ሚያዝያ 15፤ እሁድ፤ ጋይማ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ እጄ ይቸኩላል።

ስብከቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ሴቶቹ አልወጡም። ጀሪካኖቻቸውን ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ሁሉም፣ ቀዩም ሰማያዊውም። በርሜሉ ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል። ያ በርሜል ነው። ሀሌሉያ ቀድማ ተነሣችና የሷን ሰማያዊ ከፈተች፤ ተነፈሰ። ገለበጠችው። ቀጥላ እማማ አስካል ቀዩን ገለበጠች። ከዚያ ተራ በተራ። የሚሰማው ሲንዶቀዶቅ ብቻ ነበር። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሕልም ውስጥ ያለሁ ነበር የመሰለኝ፤ ግን የጎማ ጫማዬ በጭቃ ከብዶኝ ነበር፣ ሕልም ውስጥ ጫማ አይከብድም።

ወንጌላዊ አንጁሎ በርሜሉ ላይ እጁን ጭኖ በአሪኛ ጸለየ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሲል በአማርኛ። የአንዷ ጓሮ ለምልሞ የሌላዋ ሲደርቅ አብረን አሜን ማለት አንችልም ብለው ሴቶቹ ወስነዋል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህርት፣ መደባለቁ ጉዳት አለው?»

ጉዳት አለው ማለት ነበረብኝ። ፈተናው ፈረሰ፣ የዓመት ልፋት ፈሰሰ፣ ዶክትሬቴ እዚያ በርሜል ውስጥ ገባ ማለት ነበረብኝ። የሚያሳፍረው፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን አልነበረም። የተቀቀለው ስኳሩ አልተነካም፤ ለሕያው ምግብ ነው፣ ጥቂት ቀን በሙቀት ካደረ ሙሉው በርሜል ይነሣል እያልኩ ነበር የማስበው።

«የለውም» አልኩ።

የሚያካፍሉት ረቡዕ በጸሎት ቀን ነው። በርሜሉ እስከዚያ የት ይቀመጥ ሲባል የምድጃው ቤት ይሻላል ያልኩ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ይሆናል ያለው።

ነገ ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 16፤ ሰኞ

ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሚያዝያ 22

ስብሰባው አልቋል። አልነገርኩም። ምን አገባኝ፤ ሰዎቹ በንብረታቸው ላይ ነው የወሰኑት። ደግሞ እኔ ባልኖርስ ያደርጉት አልነበረም?

ያደርጉት ነበር። ይመስለኛል።

ግንቦት 6፤ እሁድ፤ ጋይማ

ዛሬ ጓሮው ውስጥ ብቻዬን ቆየሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከቅጠሎቹ በላይ ነበረች፤ ከሥር ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ሰው ውሃ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። አንድ ጠብታ ከቅጠል ወደ ቅጠል ስትወርድ ተከተልኳት። በአጥሩ በኩል ከሞቱት ወዲህ ሌላ አልታመመም። ከዚያ በፊት መጠውለግ ጀምረው የነበሩት ሁለቱ እንኳ ከመሃላቸው አዲስ ጥቅልል አውጥተዋል፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ጠንካራ ነው።

እማማ አስካል ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል። ሳቋን እንደ ሕፃን በእጇ ሸፈነች። የእንሰቶቹን ስም በአሪኛ እየጠራች አስተዋወቀችኝ፤ ሁሉም የየራሱ ስም አለው። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደስታው እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ሲጠብቀኝ የነበረው ነገር ግን እዚያው ነበረ።

ግንቦት 19፤ ቅዳሜ

ታመው የቆሙት እንሰቶች ቆጠራ አለቀ። ቀዩና ሰማያዊው እኩል ነው። ሚልክያስ ስንመለስ ከመሪው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ሁሉም ከዳነ ዕጣው ለምን አስፈለገ አለኝ። ደክሞኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ለራሱ። በርሜሉን አብሮኝ የጫነው እሱ ነው።

ሰኔ 2፤ ዓርብ፤ ጂንካ

ዶክተር ምንተስኖት አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ግራፉ ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ መስመር ሆነዋል።

ልዩነት የለም፤ ስለዚህ አይሠራም ማለት ነው አሉ። ዘንድሮ በሽታው ራሱ ቀለል ብሎ ነው አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ትልቅ ሆኖባቸው ታየኝ። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይፈልጋል፤ አይሠራም ተብሎ ይጻፋል፣ ማባዣው ይነቀላል፣ ክፍሉን ሌሎች ይወስዱታል።

በሽታው አልቀለለም። ከጋይማ ወዲያ ማዶ ያለው ሰፈር ፈተናው ውስጥ አልገባም፤ ትናንት ከመኪና ሆኜ አየሁት፣ ቢጫ ብቻ ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ማዶው ለምን ሞተ፣ ይሄ ለምን ዳነ ብለው መጠየቃቸው አይቀርማ።

እስከዛሬ ሰው አልጎዳሁም፣ ራሴን ብቻ ነው የጎዳሁት ስል ነበር። ለካ ዝም ካልኩ መድኃኒቱን የምገድለው እኔ ነኝ። መቀቀል ለምዶብኛል።

ሰኔ 8፤ ሐሙስ፤ ጋይማ

ከአዲስ አበባ ሁለት ገምጋሚዎች መጡ። ዶክተሩም አሉ። በየጓሮው እየዞርን ቆይተን ወንጌላዊ አንጁሎ የሚደበቅ ነገር ስላልመሰለው በርሜሉን ራሱ ወስዶ አሳያቸው፤ የጸለይንበት ይህ ነው አለ፣ በኩራት። ገምጋሚዎቹ ተያዩ። ዶክተሩ ወደ በርሜሉ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር ያዩት።

አንደኛው፣ ይህን በርሜል ማን አመጣው ሲል ጠየቀ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄጃለሁ፤ እግሬ መነሣቱን አስታውሳለሁ።

«ከጂንካ ገበያ እኔ ገዛሁ» አለች እማማ አስካል።

ይህች ሴት ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ሰምታ መቀመጥ አትችልም፣ ተነሥታ ትወጣለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ አንገቷ ቀልቷል። እኔም ያነሣሁትን እግር መለስኩት።

አሁን ክፍሌ ውስጥ ነኝ። በግድግዳው ወዲያ ስትጸልይ ይሰማኛል። ስሜ ውስጡ አለ፤ ሌላው አሪኛ ነው።

ሰኔ 12፤ ሰኞ፤ ጂንካ

ነገርኳቸው።

ቢሯቸው ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ሴቶቹ ደባለቁት ብዬ ጀመርኩና አቋረጥኩ፤ እንደዚያ ከቀጠልኩ እነሱ ላይ ሊወድቅ ነው። እንደገና ጀመርኩ። እርሾ ነው ያልኳት እኔ ነኝ፤ በርሜሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የዝናብ ውሃ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምድጃ ቤት ይቀመጥ ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። እማማ አስካል ስለ እኔ ብላ ነው የዋሸችው አልኩ። ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ አለማልቀስ ነበር ያሰብኩት።

ከውጭ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ተማሪዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። ከዚያ፣ ሙትና ሕያው ተቀላቅሎ ስንት ቀን አደረ ብለው ጠየቁኝ። ከእሁድ እስከ ረቡዕ አልኩ። ቤቱ ምን ያህል ይሞቃል አሉ። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር በራ፤ አየሁት፣ ተራ የተመራማሪ ደስታ ነው። ወዲያው ጠፋ።

«ስለዚህ ይሠራል» አሉ።

«ይሠራል፣ ዶክተር።»

«እኛ ግን ይሠራል ማለት አንችልም። ማስረጃችንን አንቺ አፈሰስሽው።»

ሪፖርቱ አይሠራም አይልም፤ ፈተናው ፈርሷል፣ አልታወቀም ይላል። ድርጅቱ ደግሞ ለአልታወቀ ነገር እንደገና ገንዘብ ይሰጥ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እኔ ከፕሮጀክቱ ወጥቻለሁ። ስለ ዶክትሬቱ እሳቸው አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። በር ላይ ስደርስ በስሜ ጠሩኝ፤ ዞር ስል ግን መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ወጣሁ።

ሰኔ 25፤ እሁድ፤ ጋይማ

በራሴ ወጪ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከመንገዱ በእግሬ ወጣሁ። የቀረ ነበረብኝ።

ያ ቀይ ክዳን ውስጡ የሞተ ነበር አልኳት እማማ አስካልን። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በእሳት ቀቅዬ፣ አውቄ፤ ስታፈሺ አጠገብሽ ቆሜ ጀሪካኑን ይዤልሻለሁ አልኳት። የባለቤቷን አራት እንሰቶች እያሰብኩ ነበር የምናገረው። ቆጮዋን መጠቅለሏን አላቆመችም። ጠቅልላ ጨረሰች፣ አሰረች፣ እጇን አበሰች። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ሳታይ ወጥታ ጓሮ ገባች።

ተከትያት አልሄድኩም። በሩ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ጉም መጥቶ አጥሩን ወሰደው፣ ቀጥሎ ቅጠሎቹን። ስትመለስ እራት ቀርቦ ብሉ ተባለ። ለእኔም እንደ ሌላው ቀን ቆርሳ ሰጠችኝ። በዕለቱ ግን ልጄ አላለችኝም።

ሐምሌ 14፤ ዓርብ፤ ጂንካ

ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከተማው ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ ጨለማ ነው። የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቋል፣ ግዢው ፊርማ ይጠብቃል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ፈተና አርሜ ከመምህራን ክበብ ስወጣ ዶክተር ምንተስኖት ዝናብ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጃንጥላቸውን አልዘረጉትም። ከሰኔ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

የማቀዝቀዣው በረዶ ቀልጧል። ዘሩ በሙሉ ሞቷል፤ ያቺ ብቻዋን የቆመችው እንሰትም የነበረችበት ጓሮ ታርሶ ቤት ተሠርቶበታል፣ አፈሩ እንኳ የለም። ይህን ሁሉ በዝግታ ነገሩኝ።

«በርሜሉ... አሁንም ይጠቀሙበታል?»

ይጠቀሙበታል። ሲያካፍሉ ከሥሩ ጥቂት ያስቀራሉ፣ ሞላሰስ ስለሌላቸው የሸንኮራ ጭማቂ ይጨምሩበታል። ይህን ለሴቶቹ ማንም አልነገራቸውም፤ እርሾ ያለው ቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው። ዶክተሩ ጃንጥላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። የለመኑኝ ይመስለኛል። ዶክተር ሆነው እርሾ ሲለምኑ ቃሉን አያውቁበትም።

ሐምሌ 16፤ እሁድ፤ ጋይማ

ሚልክያስ ይዞኝ ወጣ። በመንገድ አንድም ነገር አልቀለደም። አንድ ባዶ ጀሪካን ጭኜ ነበር፤ ክዳን ጠፍቶ ከቀዮቹ አንዱን ነበር የገጠምኩት፣ ሌላ አላገኘሁም።

እማማ አስካል ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አገኘኋት። የኛ ሞተብን፣ እርሾ ልወስድ ነው የመጣሁት አልኳት። ስናገር የእናቴን ጎረቤት መሰልኩ። ጀሪካኑን ተቀበለችኝ፣ ቀዩን ክዳን አየችው። ምድጃ ቤት ገባች። ሀሌሉያ በርሜሉን አዘነበለችላት፤ አረፋው ከላይ እንደ ክር ይሄድ ነበር። ሞልታ ሰጠችኝ፣ እስከ አፉ፤ ጥቂት ይበቃል ብላትም።

መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ ጀሪካኑን ነካችው።

«ልጄ» አለች፤ «ይሄንን አትቀቅሉት።»

እሺ ልላት አፌን ከፈትኩ። እንደገና ፈተና ይኖራል፣ ፈተና ካለ ዕጣ አለ፣ ዕጣ ካለ ቀይ የሚደርሰው ሰው አለ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ እሺ አልኳት። ሚልክያስ ሞተሩን አስነሣ። ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወረድን፤ በየኩርባው ክዳኑን ላላ ሳደርገው ይተነፍስ ነበር።